የሕፃናት ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?



ለዕረፍት አገር ቤት ገብቶ «ለመሆኑ መቼ ነው የምትጨርሰው?» ተብሎ ያልተጠየቀ የሕክምና ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አናምንም። አባት ይጠይቃሉ፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ አብረውን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ዛሬ ትዳር የያዙና ልጅ ያሳደጉ ጓደኞቻችንም ይጠይቃሉ። እናቶቻችን ብቻ ፊት ለፊት አይጠይቁም። «የእትዬ እገሊት ልጅ እኮ ሥራ ያዘ» ይሉና ቡናቸውን መቅዳት ይቀጥላሉ።

«የምናስበው የሕፃናት ሐኪም ለመሆን ነው» ብለን ስንመልስ ደግሞ ነገሩ ይብሱን ይከብዳል። አንድ አዛውንት ጣታቸውን እያጠፉ ዓመቱን ከቆጠሩ በኋላ «ልጆቼ፣ ለትልቁ ሰውስ ይሁን። ለትንሹ ልጅ ይህን ያህል ዓመት ምን ያደርጋል?» ብለውናል። ስቀን አለፍን እንጂ አልመለስንላቸውም። በዚህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠነውን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ሆኖም ብዕር ያስነሣን ዓመቱን የመቁጠር ፍላጎት ብቻ አይደለም። የዓመቱን ርዝመት ሰበብ አድርገን በቤይሩት አንድ ጥፋት ሠርተናል፤ እሱንም ሳንሸፋፍን ልንናገር እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እናስቀድም። በቤይሩት የሕክምና ትምህርት በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው የአሜሪካኖች መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 የሶሪያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመውና ከ1920 ጀምሮ የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት ሕክምና ማስተማር የጀመረው በ1867 ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ሦስት ዓመት ለባችለር ዲግሪ፣ አራት ዓመት ለሕክምና፣ ሦስት ዓመት ደግሞ በሕፃናት ክፍል በሬዚደንትነት ይማራል፤ ድምሩ አሥር ዓመት ይሆናል። ከሌባኖስ ባካሎሪያ ውጪ የመጣ እንደኛ ያለ ተማሪ የመግቢያ ዓመት ስለሚጨመርበት አሥራ አንድ ይደርሳል። ሁለተኛው የፈረንሣዮች መንገድ ነው። የሕክምና ፋኩልቲው በ1883 የተከፈተው የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን በቀጥታ ሕክምና አስገብቶ ሰባት ዓመት ያስተምረዋል፤ የሕፃናት ሕክምና ልዩ ሥልጠና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱም መንገድ የሕፃናትን ልብ ወይም የሕፃናትን ካንሰር ለይቶ ማጥናት የፈለገ ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጨምራል።

በአገራችንም ቢሆን መንገዱ አጭር አይደለም። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ለሕክምና ዲግሪ፣ ቀጥሎ በጠቅላላ ሐኪምነት አገልግሎት፣ ከዚያም ለሕፃናት ሕክምና የሦስት ዓመት ሥልጠና አለ። በጀርመን ስድስት ዓመት ተምሮ አምስት ዓመት መሠልጠን ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ከሕክምና ትምህርት ቤትና ከሁለት ዓመት የመሠረት ሥልጠና በኋላ የሕፃናት ሕክምናው ብቻውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይወስዳል። እንግዲህ በየትም በኩል ቢኬድ ከአሥር ዓመት ብዙ የሚያንስ አቋራጭ የለም ማለት ነው።

እኛ ወደዚህ ከተማ የመጣነው በ18 ዓመታችን፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ዛሬ 25 ሞልቶናል፤ ገና ሐኪም አልሆንም። በዚህ መካከል ያለፈው ዘመን በክፍል ውስጥ ብቻ ያለፈ አይደለም። 1 ዶላር በ1,500 ሊራ ሲመነዘር አይተን፣ 89,000 ሲገባም አየን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ የተከማቸው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የመኝታ ክፍላችን መስኮት በላያችን ረገፈ። በዚያ ምሽት አንዲት ነርስ በፈራረሰው የሩም ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ጨቅላ ሕፃናት በደረቷ አቅፋ ስልክ ለመደወል ስትሞክር የተነሣችው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። እኛ ያን ጊዜ የባዮሎጂ ተማሪዎች ነበርን፤ ከዚያ ፎቶግራፍ በፊት የሕፃናት ሕክምናን አስበነውም አናውቅም።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። ለትንሹ ልጅ ይህ ሁሉ ዓመት ለምን አስፈለገ?

መልሱ ባጭሩ ልጅ ትንሽ የተደረገ ትልቅ ሰው አለመሆኑ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጤነኛ ጨቅላ ግን ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ለአንዱ ጤና የሆነው ቁጥር ለሌላው የሞት ምልክት ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላና ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሁለቱም ልጅ ይባላሉ፤ የመድኃኒታቸው መጠን ግን እስከ አሥር እጥፍ ሊለያይ ስለሚችል አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ብትቀመጥ ሕይወት ታጠፋለች። ትኩሳት የያዘው የሦስት ዓመት ልጅ እየተጫወተ ከሆነ ወደ ቤቱ ሊላክ ይችላል፤ ትኩሳት የያዘው የሦስት ሳምንት ጨቅላ ግን ምንም ሌላ ምልክት ባያሳይ እንኳ ሆስፒታል ተኝቶ ደሙም የአከርካሪው ፈሳሽም መመርመር አለበት። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በአንድ ቀን ውስጥ ሊደርቅና ሊያልፍ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃን አይናገርም። የሚናገሩለት እናቱና ትንፋሹ ናቸው።

የሕፃናት ክፍል በገባንበት በመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን በሩ ላይ አቆሙንና «ማንም እንዳይነካው» አሉ። በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነበር። «ከነካችሁት ያለቅሳል፤ ካለቀሰ የምታውቁት ነገር ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ተመልከቱ። ልብሱን እናቱ ትግለጥ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ።» ስድስት ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ፣ አናቶሚ፣ የመድኃኒት ትምህርት ስናጠና ቆይተን ወደ ሕመምተኛው የቀረብንበት የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ሆነ። በልባችን ትንሽ ንቀን እንደነበር አንደብቅም። በኋላ ግን ዋጋውን አወቅን።

ይኸውም እንዲህ ነው። ከቤይሩት በስተምሥራቅ ባሉት በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ሰፈሮች የአገራችን እኅቶች በብዛት እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እሑድ እሑድ እንጀራ ለመብላትና አማርኛ ለመስማት ወደዚያ እንሄዳለን። በከፋላ ሥርዓት አንዲት ሠራተኛ በሌባኖስ የምትኖርበት ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ከማዳሟ ቤት የወጣች ዕለት ኢቃማዋም ያልፋል። ወረቀት በሌላት እናት የተወለደ ልጅም ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም።

በ2024 ጦርነት ጊዜ የደቡቡ ዳርቻ ሲደበደብ ከዚያ ሸሽተው ወደ ቡርጅ ሐሙድ ከገቡት መካከል አንዲት እኅታችን ነበረች። በእንጀራ ቤቱ ተዋወቅን። የአምስት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋ ነበር። ሕክምና እንደምንማር ስትሰማ «ዶክተሮች» ትለን ጀመር። «ገና ነን» ብንላትም አልተወችውም።

ተኩሱ ከቆመ ከሁለት ወር በኋላ፣ በጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ማታ ደወለች። «ልጁ ያስለዋል። ጡቱንም እየተወብኝ ነው። ምን ላድርግ፣ ወንድሞቼ?» አለች። በማግሥቱ ፈተና ነበረብን። «እኅታችን፣ እኛ ገና ሐኪም አይደለንም። ሆስፒታል ውሰጂው» ብለን መለስንላት። እሷም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች።

ይህ መልስ ትክክል ነበር። ያልተመረቀ ተማሪ በስልክ ሕክምና መስጠት የለበትም። ነገር ግን መልሱ የተሰጠው ትክክል ስለሆነ አልነበረም፤ ቶሎ ወደ ደብተራችን ለመመለስ ስለፈለግን ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ለራሳችን መሸሸጊያ አደረግነው። «ስንት ጊዜ ይተነፍሳል?» ብለን አልጠየቅንም። «መሄድ ትችያለሽ ወይ?» ብለንም አልጠየቅንም።

እሑድ ዕለት እንጀራ ቤቱ ስናጣት ወደምትኖርበት ሄድን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር የተከራየችው ክፍል ነው። መብራት አልነበረም። ሆስፒታል አልሄደችም። ወረቀት ቢጠይቁኝስ፣ መያዣ ገንዘብ ቢሉኝስ ብላ ፈርታ በእንፋሎትና በማር ስታስታምመው ሦስት ቀን ሆኗታል። ልብሱን እንድትገልጥልን ጠየቅናት። በስልክ መብራት አንዳችን ሰዓት ያዝን፣ አንዳችን ቆጠርን። 68 ሆነ። ለአምስት ወር ሕፃን ወሰኑ 50 ነው። በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሩም ጠቁሯል። ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ልጅ እንደማይሰጥ የነገርናት ያን ጊዜ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ብንጠይቅ ኖሮ ያንንም ሐሙስ እንነግራት ነበር።

ሰርቪስ የሚባለውን የጋራ ታክሲ ለብቻችን ይዘን ወጣን። የመጀመሪያው ሆስፒታል በር ላይ መያዣ ገንዘብ ተጠየቅን፤ የተጠየቀው ከኪሳችን እጅግ የራቀ ነበር። እናትየው ስልኳን አውጥታ ለእንጀራ ቤቱ ሴቶች ደወለች። የዚያን ቀን ዕቁብ የወጣላት ሴት ገንዘቡን ሳትቆጥረው ይዛ መጣች። ወደ ሁለተኛው ሆስፒታል እስክንደርስ ሌሎችም አዋጥተው ላኩ። እዚያ አንዲት የሕፃናት ክፍል ሬዚደንት እስከ በሩ ወርዳ ልጁን ከእናቱ ክንድ ተቀብላ ሮጠች። ስለ ገንዘቡ የተነገረው ኦክስጅኑ ከተሰካለት በኋላ ነው።

ሬዚደንቷ ሥራዋን እየሠራች በዐረብኛ «እንዲህ መተንፈስ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው?» ብላ ጠየቀች። እናትየው «ከሐሙስ ጀምሮ» አለች። «ለእነዚህ ደውዬላቸው ነበር» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ወደ እኛም ዞር ብላ አላየችም። ያየችን ቢሆን ይሻለን ነበር።

ልጁ አምስት ቀን ተኝቶ ዳነ። ሕመሙ የሳንባ ምች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዓመታት ርዝመት የምናስበው ተለውጧል። ሐሙስ ማታ የጎደለን አሥራ አንደኛው ዓመት አልነበረም። የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃና አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሁለቱም በእጃችን ነበሩ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። በጤና ኬላ ተቀምጣ የሕፃን ትንፋሽ የምትቆጥር፣ ምቹን በአሞክሲሲሊን የምታክም፣ የከበደውን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ የምትልክ ልጃገረድ እኛ ስድስት ዓመት ተምረን ያላደረግነውን በየቀኑ ታደርጋለች። በ2000 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 ቁጥሩ ወደ 59 ወረደ። ክትባቱ፣ ምግቡ፣ ንጹሕ ውኃው፣ የእናቶች ትምህርት ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ያለእነዚያ ልጃገረዶች ግን ይህ ሁሉ በየቤቱ ባልደረሰ ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ አገሪቱ የአሥር ዓመት ሐኪም እስኪደርስላት መጠበቅ አልቻለችም። በሚቀጥለው ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና ከሐኪም ባነሰ ጊዜ የሚሠለጥኑ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ማስመረቅ ጀመረ። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ምግብ ክፍል ፋፋን ሲያወጣ፣ አሳቡ ሐኪም ያልደረሰበት ልጅ ቢያንስ ምግብ ይድረሰው የሚል ነበር።

እንግዲህ ረጅሙ ትምህርት ከንቱ ነው ማለታችን ነው? በፍጹም አይደለም። እኛ 68 ቆጥረን ልጁን እስከ በሩ አደረስን፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን አናውቅም ነበር። ለሰባት ኪሎ ሕፃን የመድኃኒቱን መጠን በልቧ አስልታ፣ እጁ ላይ ክር የምታህል ደም ሥር አግኝታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅኑን ስትጨምርና ስትቀንስ ያደረችው ሬዚደንት ለዚያች ሌሊት ወደ አሥር ዓመት ገደማ ተዘጋጅታለች። በ2019 በኢትዮጵያ ከሞቱት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ፤ ጥናቱ ከ1,000 ውስጥ 33 ይላል። እነዚህን ለማትረፍ ቆጠራ ብቻ አይበቃም። ማሞቂያ፣ ኦክስጅን፣ የሠለጠነ ነርስና በእነሱ ላይ የተካነ ሐኪም ያስፈልጋል። የአንድ ዓመቷም የአሥራ አንድ ዓመቱም የግድ ያስፈልጋሉ። ጥፋቱ አንዱ የሌላውን መኖር ሰበብ አድርጎ የተቀመጠ ዕለት ነው።

ይህንን ስንጽፍ የማንሸሸው ሌላ ጥያቄ አለ። የቀሩትን ሦስት የሥልጠና ዓመታት የት እናሳልፋለን? ከ2019 ወዲህ ከሌባኖስ ብዙ ሐኪሞች ወጥተዋል፤ የክፍል ጓደኞቻችንም ወደ አሜሪካ ለመግባት የሚያስፈልገውን ፈተና እያጠኑ ነው። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ በእኛም መደርደሪያ ላይ አለ። ደመወዙን እናውቃለን፤ አገር ቤት የሚጠብቀንንም እናውቃለን። አንዳችን አዲስ አበባ ገብቼ ልሠልጥን ይላል፤ አንዳችን ደግሞ የጨቅላዎችን ሕክምና ተምሬ ልመለስ ይላል። «ተምሬ ልመለስ» ያሉ ስንቶቹ እንደተመለሱ አንባብያን ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የማንፈጽመውን ቃል በዚህ ገጽ ላይ አንገባም። ዛሬ ማድረግ የምንችለውን ግን እናደርጋለን።

ያደረግነውም ይህ ነው። ለራሳችን ሁለት ደንብ አወጣን። መድኃኒት አናዝም፤ ሐኪም ነንም አንልም። «ገና ነን» ብለን ስልክ ግን አንዘጋም። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በእንጀራ ቤቱ የኋላ ክፍል ለእናቶች የሚከተለውን እናስተምራለን። በሌላ ከተማ ያላችሁም የሕክምናና የነርስነት ተማሪዎች እንድትወስዱት እንጋብዛለን።

፩ኛ/ ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር። ሁለት ወር ላልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መውሰድ።

፪ኛ/ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ካልነቃ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሳይቆጥሩ መሮጥ።

፫ኛ/ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ ነገ አለማለት።

፬ኛ/ ከመታመሙ በፊት ወረቀት የማይጠይቅ፣ መያዣ የማያስቀድም ክሊኒክ የት እንዳለ አጣርቶ ስልኩን በግድግዳ ላይ መለጠፍ። ይህን አራተኛውን ያስጨመሩን እናቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከሦስቱ ይልቅ የሚያስቸግረውም እሱ ነው ብለውናል።

ባለፈው እሑድ ልጁን አየነው። ግድግዳ ይዞ ይቆማል፤ የአንዳችንን መነጽር ነጥቆ ሰብሮታል። እናቱ እየሳቀች ይቅርታ ከጠየቀችን በኋላ፣ እንደ አገር ቤት ሰው ያንኑ ጥያቄ አመጣችው።

«ለመሆኑ መቼ ነው የምትጨርሱት?»

«አራት ዓመት ይቀረናል» አልናት።

«አራት ዓመት!» ብላ ልጁን አየችው፤ ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ እንደሚሆን የምታሰላ መሰለን። «በሉ በርቱ። እስከዚያው ግን ስልካችሁን እንዳትዘጉ።»